የመኪና ማቀዝቀዣ በደጋ ታሞ በቆላ ይታወቃል

መርጡለ ማርያም ደጋ ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ንግሥት እሌኒ ባሠራችው ቤተ ክርስቲያን ስሟ የታወቀው ይህች የእነብሴ ሳር ምድር ከተማ ማለዳ ጋቢ የምታስደርብ እንጂ ላብ የምታስጠርግ አይደለችም። ስለዚህ «ለዚህ አገር የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። መልሱ ግን ከከተማዋ ውስጥ ሳይሆን ከመንገዱ ላይ ይገኛል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ መርጡለ ማርያም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮን ላይ ደጋውን ተሰናብቶ፥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ወርዶ፥ በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ በተመረቀው በሕዳሴ ድልድይ ዓባይን ተሻግሮ፥ ያንኑ ያህል ዳገት ወጥቶ ደጀን ይደርሳል። ከመርጡለ ማርያም ወደ ወሎ ቦረና የሚሻገርም ዓባይን ሌላ ጊዜ መውረድ አለበት። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ቍልቍለት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፥ በጋቢ የተነሣው መንገደኛ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከበረሃ ይገባል። በመኪናው ውስጥ በሽተኛ ወይም ሕፃን የተሳፈረ እንደ ሆነ ማቀዝቀዣው የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛም ጥቅም አለው። ማቀዝቀዣው አየሩን ከማብረዱ ጋር እርጥበቱን ይመጠዋል። በክረምት ዝናብና ጉም የፊት መስታወቱ ከውስጥ ሲደፈን፥ ማቀዝቀዣውንና ማሞቂያውን አንድነት ከፍቶ ነፋሱን ወደ መስታወቱ መምራት ከጨርቅ ይልቅ ቶሎ ያጠራዋል። እንግዲህ ይህ መሣሪያ ለደጋውም ሰው የዐይን ብርሃን ነው ማለት ነው።

የአሠራሩን ነገር በአጭሩ እንግለጽ። በሞተሩ ቺንጋ የሚዞረው ኮምፕሬሰር ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው ጋዝ ይግላል። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ሲለቀቅ በድንገት ይበርዳል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውንም ኤቫፖሬተር ያቀዘቅዛል። ማራገቢያውም በዚሁ ላይ አየር እየነዳ ወደ እኛ ይልካል። የአሜሪካው ፓካርድ ፋብሪካ በ1939 እ.ኤ.አ. ይህን መሣሪያ በመኪና ላይ ገጥሞ ካቀረበ ወዲህ ዕቃው ተሻሻለ እንጂ መሠረቱ አልተለወጠም።

ማቀዝቀዣው ሲደክም አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፦ የጐደለው ነፋሱ ነው ወይስ ብርዱ? ነፋሱ ቀዝቅዞ ነገር ግን አቅም ካጣ፥ ጥፋቱ በአብዛኛው የአየር ፊልትሮው ነው። በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና ፊልትሮው በአቧራ ቶሎ ይደፈናል። በብዙ መኪናዎች ከፊተኛው ተሳፋሪ ጕልበት ፊት ካለው ሣጥን በስተጀርባ ስለሚገኝ፥ ያለ መካኒክ አውጥቶ ማየትና መለወጥ ይቻላል። ነፋሱ መጀመሪያ ጠንክሮ፥ ቈይቶ የሚደክም፥ ጥቂት ካረፈም በኋላ የሚመለስ ከሆነ ኤቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ነፋሱ በርትቶ ብርዱ ከጠፋ ደግሞ ምልክቱን እንለይ። መኪናው ሲሮጥ የሚቀዘቅዝና ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ፥ የኮንደንሰሩ ማራገቢያ አልዞረም ወይም የኮንደንሰሩ ፊት በጭቃና በነፍሳት ተሸፍኗል። ኮምፕሬሰሩ በየጥቂት ሴኮንዱ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚያዝና የሚለቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጋዙ ጐድሏል። ጨርሶ የማይዝ ከሆነ ቺንጋውንና ፊውዙን መመልከት፥ ከዚያም ጋዙን ማስለካት ነው። ከመኪናው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ንጹሕ ውሃ ግን በሽታ አይደለም፤ ከአየሩ የተመጠጠው እርጥበት ነው። ውሃው ወደ ውስጥ ምንጣፍ ከፈሰሰ ብቻ መውረጃው ተደፍኗል ማለት ነው።

የዓባይ ዳገት የራሱ ጠባይ ስላለው ለብቻው ልናነሣው ይገባል። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ የሞተሩ ጕልበት ይቀንሳል፤ ኮምፕሬሰሩም ከዚያው ከተቀነሰው ላይ ይካፈላል። ስለዚህ በብዙ መኪናዎች ሞተሩ ሲግል ወይም ነጂው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ መቈጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩን በራሱ ያቋርጠዋል። ወደ ደጀን ሲወጣ ለጥቂት ደቂቃ ሞቆ ከላይ ሲደርስ የሚበርድ ማቀዝቀዣ እንግዲህ ሞተሩን እያዳነ ይሆናል እንጂ አልተበላሸም። የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ከወጣ ነጂው ራሱ ማቀዝቀዣውን ዘግቶ መስኮቱን ይክፈት።

አሁን ገንዘብ ወደሚባክንበት ነገር እንመጣለን። ማቀዝቀዣው በደከመ ቍጥር «ጋዝ ይሞላለት» ማለት ልማድ ሆኗል። ነገር ግን ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በግልጽ ከጐደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት በተቀደደ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደተባለ፥ ሙላቱ በሽታውን ለአንድ ወር ይደብቀዋል፤ ኋላ ግን መኪናው ዓባይ በረሃ ላይ ይጋልጠዋል።

የሚገባው ሥራ ተራ አለው። በመጀመሪያ ቀዳዳው ይፈለጋል፤ በመጋጠሚያ ላይ ዘይት የያዘ እድፍ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ቀዳዳው ከተጠገነ በኋላ አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ይመጠጣል። በመጨረሻ በሞተሩ መክደኛ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ መሠረት ጋዙ በግራም ተመዝኖ ይገባል። ከልክ ያለፈ ጋዝም እንደ ጐደለው ሁሉ ብርዱን ይቀንሳል። ዐይነቱም አይቀላቀል፤ አር 134ኤ የተጻፈበት በአር 134ኤ ብቻ ይሞላ። ቧንቧውን በቤት ውስጥ መፍታት ክልክል ነው፤ በግፊት የሚወጣው ጋዝ ዐይንንና ቆዳን በብርድ ያቃጥላል።

ጋዙን ወደ አየር መልቀቅም ነውር ነው። ቀድሞ የነበረው አር 12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የተፈረመው ውል ቀስ በቀስ አስቀርቶታል። የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም፥ በ100 ዓመት ሲታሰብ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ በላይ ይበረታል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪናዎች ደግሞ ኮምፕሬሰራቸው በከፍተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚዞር፥ ብርቱካናማ ሽቦአቸውን ካልሠለጠነ በቀር ማንም አይንካ።

ለደጋ ሰው የምንሰጠው ምክር ቀላል ነው። ማቀዝቀዣው ወራት ሙሉ ሳይነካ ሲቀመጥ ዘይቱ ወደ ጐማ መዝጊያዎቹ ስለማይደርስ ይደርቃሉ፤ ከደረቁም ያፈስሳሉ። ስለዚህ በመርጡለ ማርያም ብርድም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል ይከፈት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ከጉዞ በፊትም በመካከለኛው የነፋስ ቀዳዳ ቴርሞሜትር ማስገባት ይበጃል። ሙቀቱ መጠነኛ በሆነ ቀን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ካሳየ መሣሪያው ደኅና ነው።

የመሥሪያ ቤት መኪና የተሰጠህ ወጣት ሹም ሆይ፥ የጋራዡን ሒሳብ ከመፈረምህ አስቀድሞ ሦስት ነገር ጠይቅ። ቀዳዳው የት ተገኘ? አየሩ ተመጥጧል? ስንት ግራም ገባ? ለሦስቱ መልስ ካላገኘህ መኪናው አልተጠገነም። የምትፈርምበት የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ነገ ያንን ቍልቍለት በዚሁ መኪና የምትወርደው ደግሞ ወደ ሆስፒታል የምትወሰድ አራስ ልትሆን ትችላለች።