ሙቀት፣ ጫትና የሽንት ፊኛ

የሽንት ፊኛ ከኩላሊት የሚወርደውን ሽንት የሚያጠራቅም፣ ግድግዳው ጡንቻ የሆነ ከረጢት ነው። በአዋቂ ሰው ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከሥሩ የተዘረጋው የዳሌ ወለል ጡንቻ እንደ አልጋ ጠፍር ሆኖ ፊኛን፣ ማህፀንንና የደንዳኔን ጫፍ ይሸከማል።

ፀሐይ ላይ መሽናት ወይም የጋለ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጨብጥ ያስይዛል የሚለው ወሬ ፍጹም ስህተት ነው፤ ጎጂም ነው። ጨብጥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። በፀሐይ ያመካኘ ሰው ሳይታከም ይቆያል፤ በሽታውንም ለሌላው ያስተላልፋል። እንደ አዳማና መተሐራ ባሉ ከተሞች ሙቀቱ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፦ ላብ ሲበዛና ውኃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፣ ጠጠርም በቀላሉ ይሠራል፤ ባክቴሪያን አጥቦ የሚያወጣው ፍሰትም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ጥቂት ውኃ የሚጠጡና የፊኛ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው 140 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል፤ በቀን 1.5 ሊትር ጨምረው የጠጡት ሕመሙ በግማሽ ገደማ ቀንሶላቸዋል።

በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለ ሾፌር ግን መኪና ላለማቆም ሲል ውኃ ይቀንሳል፣ ሽንቱን ይቋጥራል፣ እንቅልፉን ለማባረርም ጫት ይቅማል። ለፊኛ ከሁሉም የሚከብደው ይህ የሦስቱ መደራረብ ነው። ሽንት እንዲወጣ የፊኛ ግድግዳ መኮማተር፣ የፊኛ አንገት ደግሞ መላላት አለበት። በፊኛ አንገትና በወንዶች ፕሮስቴት ውስጥ ያለው ጡንቻ አልፋ አንድ የሚባሉ ተቀባዮች አሉት፤ ኖርአድሬናሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ ሲያገኛቸው ጡንቻው ይጠብቃል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ኖርአድሬናሊንን ከነርቭ ጫፎች ስለሚያስለቅቅ፣ ግድግዳው ሲገፋ አንገቱ አይከፈትለትም፤ ሽንቱ ይቀጥናል፣ ለመጀመርም ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1995 በጥቂት ጤናማ ወንዶች ላይ የተደረገ ሙከራ ጫት የሽንትን ፍሰት እንደሚቀንስ፣ ተቀባዮቹን የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥም ይህ ውጤት እንደሚዳከም አሳይቷል። ሙከራው የለካው የአጭር ጊዜ ውጤትን ብቻ ነው፤ የዓመታት መቃም ፊኛን ለዘለቄታው ያበላሻል ለማለት አያበቃም። ፕሮስቴቱ ላበጠ ወንድ ግን አደጋው ቅርብ ነው፤ ሽንቱ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል።

ጫት ሆድም ያደርቃል። ድርቀት የሚያስከትለው ማማጥ፣ የቆየ ሳልና ከሁሉም በላይ ወሊድ የዳሌውን ወለል ያላሉታል። ሲሞላ 20 ኪሎ የሚመዝን ጀሪካን መሸከም ምን ያህል እንደሚጨምርበት ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ ከወሊድ ማግስት መሸከም ግን ሊቀር ይገባል። ሲስቁ ወይም ሲያስሉ ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች የመጀመሪያው ሕክምና ጡንቻውን ማሠራት ነው፦ ፈስን እንደሚቋጥሩ ሁሉ ለጥቂት ሰከንድ ማጥበቅና ማላላት፣ ይህንንም በየቀኑ ደጋግሞ ቢያንስ ለሦስት ወር መቀጠል። ከተራዘመ ምጥ በኋላ ያለማቋረጥ የሚፈስ ሽንት ግን ፌስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በእንቅስቃሴ አይድንም። የሚጠገነው በቀዶ ጥገና ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ሕክምናውን ያለ ክፍያ ይሰጣል።