72ቱ ሰዓታት፦ ከጥቃት በኋላ ቤተሰብ ማድረግ ያለበት

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ ምግብና ስለተለመዱ በሽታዎች ነው የምንነጋገረው። ዛሬ ግን በየቤቱ ተሸፍኖ የሚቀር ጉዳይ አነሣለሁ፤ አስገድዶ መድፈርን።

እዚህ መካነ ኢየሱስ አንዲት እናት ከገጠር ልጇን ይዛ መጥታ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ጠየቀችኝ። ልጅቷ ቀና ብላ አታይም። ለብቻቸው ሳነጋግራቸው ነገሩ ሌላ ሆነ፤ ከደረሰባት 6 ቀን አልፎታል። ቤተሰቡ እነዚያን ቀናት ያሳለፈው «ስማችን እንዳይጠፋ» እያለ ከሽማግሌዎች ጋር ሲመካከር ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። መድኃኒቱ ግን ሽማግሌ አይጠብቅም።

ምክንያቱን ላስረዳ። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ወደ ሰውነት እንደገባ በአንድ ጊዜ አይሰራጭም። መጀመሪያ በገባበት አካባቢ ባሉ ሴሎችና ዕጢዎች ውስጥ ይራባል። በዚህ ጊዜ የመከላከያው መድኃኒት ከተጀመረ መራባቱን ሊያቆመው ይችላል። ለዚህ ያለው ጊዜ 72 ሰዓት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ደግሞ እጅግ ይሻላል። የሚወሰደው ለ28 ቀናት ያለማቋረጥ ሲሆን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። አሁን በአብዛኛው የሚታዘዘው በቀን አንዴ የሚዋጥ ስለሆነ ረመዳን ቢሆን እንኳ በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት መውሰድ ይቻላል። ጥቁር አዝሙድና ማር ይህን አይተኩም፤ ይህን የምለው ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ነው።

የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። አንዳንዶች «ውርጃ ነው» ብለው ይሸሹታል። አይደለም። እንክብሉ እንቁላል እንዳይወጣ ያዘገያል እንጂ የተጀመረ እርግዝና አያቋርጥም። በዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ሊደገምላት ይገባል። 6 ቀን ላለፋትም ቢሆን በር አልተዘጋም፤ ምርመራው፣ የአባላዘር በሽታ ሕክምናውና የጉበት ቫይረስ ክትባቱ ይቀራሉ።

እነዚህ ሰዓታት ሲያልፉ ምን እንደሚሆን ጎረቤታችን ጋይንት አይታዋለች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የትግራይ ታጣቂዎች ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫን በያዙ ጊዜ መደፈራቸውን የነገሩትን 16 ሴቶች አነጋግሯል። የከተማው ሆስፒታል ተዘርፎ ስለነበር ከእነርሱ አንዷም ሙሉውን ሕክምና በጊዜው አላገኘችም። ያ በጦርነት ነው። በሰላም ጊዜ ግን ደፋሪው ብዙውን ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የቤት ሰው። ሆስፒታሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ቤተሰብ በሩን መዝጋቱ ነው የሚያሳዝነው።

ተገዳ የተደፈረች ሴት ወንጀል የለባትም። በዚህ ላይ ዑለማዎች አይለያዩም። «ያው ይዳርላት» የሚለው ሽምግልናም መሠረት የለውም። ኸንሳእ ቢንት ኺዛምን (ረ.ዐ.) አባቷ ሳትፈቅድ በዳራት ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ኒካሑን አፍርሰውላታል። በአገራችንም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ተጎጂዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። ጠላፊም በኋላ ቢያገባት ከተጠያቂነት አያመልጥም።

አንድ የእኛን ቤት በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ልጅቷ መጀመሪያ የምትፈልገው መታጠብ ነው፤ እናትም ውኃ ታሞቃለች። ትጥበቱ ምርመራው እስኪያልቅ ይቆይ። ልብሷም አይታጠብ፤ በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ አብሯት ይሂድ። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥባ ከሆነም አትቆጧት፣ ይዛችኋት ሂዱ።

በከተማችን የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ አለ፤ ከዚያ ካለፈ ደብረ ታቦር ትላካለች። ሌሊት ቢሆንም የድንገተኛ ክፍል ይሠራል። ካርድ ክፍል ላይ ምክንያቱን በሰው ፊት መናገር አያስፈልግም፤ «ሴት ባለሙያ ለብቻ ታነጋግረን» ማለት ይበቃል።