ከድምፃዊው ጀርባ ያለው ጊታር፦ «ኧረ መላ መላ» እና ስም ያልወጣለት ውርሱ

የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በ1975 (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካይፋ ሪከርድስ በሸክላ ሲታተም የቀረበው እንደ ድምፃዊ ሥራ ነበር። እስከ ዛሬም የሚታወሰው በድምፃዊው ስም ነው። ማህሙድ ይህ ክብር ይገባዋል። ሆኖም አልበሙ ከዚያ በኋላ በተሠራው ሙዚቃ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ለመረዳት የሚሻ አጥኚ ጆሮውን ወደ አጃቢው፣ በተለይም ወደ ጊታሩ ማዘንበል ይኖርበታል። አልበሙ ለአዲስ አበባም ሆነ እንደ አዳማ ላሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሙዚቀኞች ያወረሰው የአጨዋወት ስልት ነው፤ ስልቱ ግን የተላለፈው ከባለቤቶቹ ስም ተነጥሎ ነው።

ከ1974ቱ አብዮት በፊት የዘመናዊው ሙዚቃ ምሰሶዎች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ነበሩ። ማህሙድም የወጣው ከክብር ዘበኛ ነው። በእነዚህ ስብስቦች ዋናው ጉልበት የትንፋሽ መሣሪያዎች ነበር። በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች የተቋቋሙት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ባንዶች ይህን ሚዛን ቀየሩት። ምክንያቱ ጥበባዊ ብቻ አልነበረም፤ ስድስት ወይም ሰባት ተጫዋች መቅጠር ሙሉ ኦርኬስትራ ከመቅጠር ይረክሳል። በአዲስ አበባው ራስ ሆቴል ይጫወት የነበረውና ማህሙድን ያጀበው አይቤክስ ባንድ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

በአይቤክስ ሰላም ስዩም ሊድ ጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር፣ ፈቃዱ አምደመስቀል ሳክስፎን ይጫወቱ ነበር። ሰላምን «የኢትዮጵያው ጂሚ ሄንድሪክስ» የሚሉት ብዙ ናቸው። ቅጽሉ ማሞገሻ ቢሆንም ያሳስታል። በሄንድሪክስ ሙዚቃ ጊታሩ መድረኩን ይገዛል። በአይቤክስ አጨዋወት ግን ጊታሩ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ከቤዙ ጋር ይጠላለፋል፣ ለድምፃዊውም ቦታ ይለቃል። ይህን ስልት ከሮክ ይልቅ ከክራር ጋር ማነጻጸር የተሻለ ያስረዳል። ክራር በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ አውታሮቹን ሁሉ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን አፍነው የሚፈለጉትን ይለቃሉ። የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋችም ምቱን የሚያበጀው አውታሮቹን በማፈንና በመልቀቅ ነው። ልዩነቱ ያለው በቅኝት ላይ ነው። ክራርተኛ ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺሆዬ ለመሻገር አውታሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት። የጊታር አንገት ግን በ12 እኩል እርከኖች የተከፈለ በመሆኑ ተጫዋቹ ጣቱን በማዛወር ብቻ ይሻገራል። የተገኘው ፍጥነት ነው፤ የታጣው፣ በእኔ ግምት፣ እያንዳንዱ ክራርተኛ በራሱ ጆሮ ይሰጠው የነበረው የቅኝት ጣዕም ነው።

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሕይወት አጠበበው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም ካሴት ሸክላን ተካ። የአይቤክስ አባላት የመሠረቱት ሮሃ ባንድ በ1980ዎቹ የበርካታ ድምፃውያንን ካሴቶች አጀበ። ካሴት ርካሽ ነበር፣ በአውቶቡስ ይጓዛል፣ በቀላሉ ይባዛል። ከሞጆና ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ላለ ጀማሪ ጊታሪስት ትምህርት ቤቱ ይኸው ነበር፤ ካሴቱን ወደ ኋላ እያጠነጠነ ሐረጉን በጆሮው ይለቅማል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በኪቦርድ ብቻ የሚያጅብበት «ዋን ማን ባንድ» ሲስፋፋ በየሰርጉና በየሆቴሉ ጊታር ቁጥሩ ተመናመነ። ሐረጎቹ ግን አልጠፉም፤ ወደ ኪቦርዱ ቀኝ እጅ ተዛወሩ። ዛሬ በአዳማ ሰርግ ላይ በኪቦርድ የሚሰማ መሸጋገሪያ ሲደመጥ የጊታር ጣት ያረፈበት መሆኑን መለየት አያዳግትም።

በውጭው ዓለም ታሪኩ ሌላ መንገድ ሄደ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ሸክላውን ሰምቶ ወደ አዲስ አበባ መጣ። የቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ «ኧረ መላ መላ»ን በ1986 ለአውሮፓ አድማጭ አቀረበ። በ1997 የተጀመረው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እትምም ሰባተኛ ቅጹን ለዚሁ ሥራ ሰጠ። ማህሙድ በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ለማሳተም አሜሪካዊውን ቢል ላስዌልን ፕሮዲዩሰር ሲያደርግ ሮክ በአማርኛ እንደ አዲስ ነገር ተቆጠረ። ከአርባ ዓመት ግድም በፊት አይቤክስ የከፈተው በር ግን በዚያ ውይይት እምብዛም አልተነሳም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የካሴት ሽፋን ነው። ሽፋኑ የድምፃዊውን ፎቶና ስም፣ ቢበዛም የባንዱን ስም ይይዛል፤ ጊታሩን የተጫወተው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይገልጽም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለከዋኞች መብት እውቅና ሰጥቷል። መብት ለመጠየቅ ግን በቅድሚያ በቀረጻው ላይ መጫወትን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ስም የሌለበት ሽፋን ደግሞ አያስረዳም። ሰላም ስዩም ራሱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ በ1988 የመመረቂያ ጽሑፉን በዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና እድገት ላይ መሥራቱ ልብ ሊባል ይገባል፤ ተጫዋቹ የሙያውን ታሪክ መጻፍ የጀመረው እኛ ተመራማሪዎቹ ሳንደርስለት ነው። በአዳማና በአካባቢዋ በጆሮ የተማሩት ጊታሪስቶች አሁን በእርጅና ደጃፍ ላይ ናቸው። የትኛውን ሐረግ ከየትኛው ካሴት እንደለቀሙ በመሣሪያቸው እያሳዩ እንዲናገሩ ማድረግና መቅረጽ አንድ የማስተርስ ጥናት ሊሸከመው የሚችል ሥራ ነው።