ማማው ላይ የሚያደፍጡት

በፍራንክፈርት ሽታትቫልድ በብስክሌት ስታልፉ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ የቆመ የእንጨት ማማ አይታችሁ ይሆናል። ጀርመኖች ሆህዚትስ ይሉታል። አገር ቤት ማማ ማለት ገበሬ ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቅበት ከፍ ያለ መቆሚያ ነው፤ ወንጭፍ ይዞ፣ እየጮኸ። የጀርመኑ ማማ ሥራ ግን ተቃራኒው ነው፦ ማድፈጥ። ማድፈጥ ማለት ተደብቆ፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መጠበቅ ነው።

ከተማዋ ይህን ደን የገዛችው እ.ኤ.አ. በ1372 ከንጉሠ ነገሥት ካርል አራተኛ ነው። ዛሬም አደን አለበት፤ ሬህ የሚባለው ሚዳቋ መሳይ እንስሳ ከበዛ የችግኞቹን ቀንበጥ እየቀነጠሰ ይጨርሳል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዳኝ ነው። (ስታነቡ ተጠንቀቁ፦ "ዳ" ሲጠብቅ አውሬ የሚያድን፣ ሲላላ ከሞት የሚያድን ነው።) እሱ አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ድረስ ሄዶ ፕሮንግሆርን በቀስት አድኖ መጣ። ለምን ያን ያህል ርቆ? የጀርመን ሕግ እንደ ሬህና የዱር አሳማ ያሉትን ሰኮና ያላቸው አውሬዎች በቀስት መምታት ስለሚከለክል።

ፕሮንግሆርን መልኩ የድኩላ ዘመድ ያስመስለዋል፤ በዘር ግን ለቀጭኔ ይቀርባል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በገላጣ ሜዳ ላይ ሰውን ከሩቅ ያያል። ፍላጻ ደግሞ ከ30 እና 40 ሜትር በላይ ብዙም አያስተማምንም። ስለዚህ አዳኙ ውኃ ዳር ትንሽ ድንኳን ተክሎ፣ ጥቁር ለብሶ፣ በነሐሴ ሙቀት ከንጋት እስከ ምሽት ይቀመጣል። ከኋላው ያለው መስኮት ከተከፈተ ብርሃኑ እንቅስቃሴውን ያጋልጥበታል። ውኃ የጠማው እንስሳ እስኪመጣ ይጠብቃል።

"ሊጠጣ ያጎነበሰውን መምታት አይከብድም?" አልኩት። ፍላጻ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው፤ ቦታውን ከሳተ እንስሳው ቆስሎ ይሮጣልና ቅርብ መሆን ይሻላል አለኝ። ጎናቸውን አልሰጡኝም ብሎ በመጀመሪያው ቀን አራት አሳልፏል። ትዕግሥቱን አደነቅሁ፤ ሕጉን ግን አሁንም እደግፋለሁ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከታውኑስ ደን በጠመንጃ ያደነውን ሬህ ጉላሽ ሠርቶ ጋበዘን። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሳህኑን አየችና በአማርኛ፣ "ማን ባረከው?" አለችኝ። እኛ ዘንድ ከብት የሚታረደው በስመ አብ ተብሎ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ሚዳቋን ከሚበሉት እንስሳት ይቆጥራል አልኳት። "ሚዳቋ መሆኑን መች ጠየቅሁ?" አለች። እሱ ምን እንዳለች ጠየቀኝና ተረጎምኩለት። አልተቀየመም። እንስሳው እንደወደቀ ደሙን እንደሚያፈስ፣ አፉ ውስጥም የመጨረሻ ጉርሻ ብሎ ቅጠል እንደሚያኖርለት፣ ይህም የቆየ የአዳኞች ልማድ እንደሆነ ነገራት።

እማዬ ቅጠሉን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ "ደግ ነው" አለች። ድንቹን ብቻ በላች። እኔ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።