በሕግ የሚነገር ተረት፦ የኮምፒዩተር ጨዋታ ታሪክን እንዴት ይተርካል?

ባለፈው ዓመት አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮአችን መጥቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ከቆመ በኋላ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ጨረቃን የሚያያት ከሌለ በቦታዋ አትገኝም የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀን። ይህ ጥያቄ አይንስታይንን ራሱን ያሳሰበ ጥያቄ ነውና ደስ አለን። «የት አነበብከው?» ብንለው ግን አንገቱን አቀረቀረ። «አላነበብኩትም፤ ከጌም ነው ያገኘሁት» አለ። እኛም ሳናስበው ፈገግ አልን። ተማሪው ፈገግታችንን እንደ ፌዝ ቆጥሮት ኖሮ፣ መልሱን ሳይጠብቅ አመስግኖን ወጣ።

ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ላልሰጠነው መልስ ዕዳ መክፈያ ነው። ተማሪው የጠቀሰውን ጨዋታ ፈልገን አግኝተን፣ እኛም ተጫውተነው፣ ከእርሱም ተነሥተን ወደ ቀደሙት ሥራዎች ወደ ኋላ ተጉዘናል። «ጌም» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን በየሰፈሩ ጌም ቤት ተሰልፎ የሚጠበቀው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ለየት ያለ፣ ዋና ዓላማው ታሪክ መተረክ የሆነ ሌላ ወገን አለ። ከዚህ ቀጥሎ የዚህን ወገን አንዳንድ ሥራዎች፣ ጥንታዊውንም አዲሱንም፣ በፊዚክስ ዓይን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ እና ሕግ

ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ የት እንደሚወድቅ ለማወቅ ሁለት ነገሮች ይበቁናል፤ አንደኛው የመነሻው ሁኔታ ማለትም ቦታውና ፍጥነቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንቅስቃሴውን የሚገዛው ሕግ ነው። ልብ ወለድ መጽሐፍ ቀድሞ ተወርውሮ መንገዱ በወረቀት ላይ የተሣለ ድንጋይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ አንባቢው የተሣለውን መስመር ይከተላል። በታሪክ ጨዋታ ውስጥ ግን ደራሲው የሚጽፈው በዋናነት መስመሩን ሳይሆን መነሻውንና ሕጉን ነው። ድንጋዩን የሚወረውረው ተጫዋቹ ነው።

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በልጅነታችን «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ብለን የገባንበት ጨዋታ የሚቀጥለው ተጠያቂው ሲመልስ፣ ወይም ተሸንፎ አገር ሲሰጥ ነው። ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ካለ እንቆቅልሽ የለም። በኮምፒዩተር ታሪክ የመጀመሪያው ታዋቂ የታሪክ ጨዋታም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነበር።

ከዋሻ የወጣ ጨዋታ

ዊል ክራውዘር የዛሬው ኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነውን አርፓኔትን ከገነቡት የአሜሪካ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። በትርፍ ጊዜው ደግሞ ኬንታኪ ውስጥ በሚገኘው የማሞዝ ዋሻ እየገባ ካርታ ያነሣ ነበር። ማሞዝ እስካሁን ከተለኩት የዓለም ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ሲሆን፣ የተለካው ርዝመቱ ከ680 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የባሌው ሶፍ ዑመር ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስብ የዋሻው ስፋት ይገባናል። ክራውዘር ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ፣ ሴቶች ልጆቹን የሚያጫውትበት ነገር በመሻት፣ በ1976 ገደማ ያን ዋሻ በፎርትራን ቋንቋ ወደ ፕሮግራም ለወጠው። በ1977 የስታንፎርዱ ዶን ዉድስ በክራውዘር ፈቃድ አስፋፋው። «አድቬንቸር» በሚል ስም የታወቀው ይህ ነው።

በጨዋታው ውስጥ አንድም ሥዕል የለም። ማሽኑ ያለንበትን ስፍራ በጽሑፍ ይገልጻል፤ እኛም «ፋኖሱን አንሣ» እንደ ማለት ያለ የሁለት ቃል ትእዛዝ እንጽፋለን። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ቃል የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን አምስት ፊደላት ብቻ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የተጻፈበት ፒዲፒ-10 የተባለው ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚይዘው የመረጃ ክፍል 36 ቢት ሲሆን፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 7 ቢት ስለሚፈልግ 5 ፊደላት 35 ቢት ይሞላሉ፤ አንድ ቢት ብቻ ይተርፋል። «ሰሜን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ልክ አምስት ፊደል በመሆኑ፣ ማሽኑ «ሰሜን»ን ከ«ሰሜን ምሥራቅ» መለየት አይችልም ነበርና ለኋለኛው አጭር ምልክት መጠቀም ግድ ሆነ። የብረቱ ጥበት በቋንቋው ላይ እንዲህ አሻራውን ያሳርፋል።

ሦስት ቢት የቆመበት ችሎት

በ1995 ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ክሮኖ ትሪገር»ን አሳተመ። ሙሉ ጨዋታው፣ ሥዕሉና ሙዚቃው ሳይቀር፣ የሰፈረው በ4 ሜጋባይት ካርትሪጅ ላይ ነው፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ቦታ ሊወስድ ይችላል።

ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ የበዓል ሜዳ ነው። ተጫዋቹ በግርግሩ መካከል ከአንዲት ልጅ ጋር ይጋጫል፤ የአንገት ሐብሏም ይወድቃል። መጀመሪያ ልጅቱን ያናግራል ወይስ ሐብሉን ያነሣል? ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሰው ምሳ ይበላል ወይስ ያልፈዋል? ድመቷ ለጠፋባት ሕፃን ድመቷን ይመልስላታል ወይስ አይመልስላትም? ተጫዋቹ እነዚህን ሁሉ እንደ ዋዛ አድርጎ ያልፋል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ግን ተይዞ ችሎት ፊት ሲቆም፣ እነዚያ ጥቃቅን ድርጊቶች አንድ በአንድ ምስክር ሆነው ይቀርቡበታል።

ይህን ድንጋጤ ለመፍጠር ምን ያህል የማሽን ትውስታ ያስፈልጋል? ለሦስቱ ጥያቄዎች «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ ለመመዝገብ ሦስት ቢት ይበቃል፤ አንድ ባይት እንኳ አይሞላም። ሦስት ቢት 8 ልዩ ልዩ ሁኔታዎችን ይወክላል። ጥያቄዎቹ ዐሥር ቢሆኑ ሁኔታዎቹ 1024፣ ሃያ ቢሆኑ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ሁኔታ የተለየ ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ የ«ክሮኖ ትሪገር» ጸሐፊዎች መንገዶቹ ተለያይተው ተመልሰው እንዲገናኙ አደረጉ፤ ተከሳሹ ጥፋተኛ ቢባልም ነጻ ቢባልም ወደ እስር ቤት መግባቱ አይቀርም።

ታዲያ ምርጫው ከንቱ ነው? አይደለም እንላለን። በፍርዱ የተለወጠው የታሪኩ መንገድ ሳይሆን ተጫዋቹ ስለ ራሱ ያወቀው ነገር ነው። የሰውን ምሳ ማን እንደበላ ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹም አሁን ያውቃል።

የማይረሳ ማሽን

እስካሁን ያየነው የትውስታ ጥበት ደራሲዎቹ ሳይወዱ የተቀበሉት ነበር። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን በትልልቅ ኩባንያዎች ጥላ ሥር ያልሆኑ፣ «ኢንዲ» የሚባሉ አነስተኛ ሠሪዎች ያንኑ ጥበት በፈቃዳቸው መምረጥ ጀመሩ። ሉካስ ፖፕ በ2018 ያሳተመው «ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን» ሥዕሉ በሁለት ቀለም ብቻ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ወይ የበራ ወይ የጠፋ ነው። ተጫዋቹ በ1807 ባዶዋን በተመለሰች መርከብ ላይ የነበሩ 60 ሰዎች እነማን እንደነበሩና ምን እንደደረሰባቸው ያጣራል። ጨዋታው መልሱን የሚያረጋግጥለት ሦስት ሰዎችን አንድ ላይ በትክክል ሲያገኝ ብቻ ነው። የአንድን ሰው መልስ በግምት የማግኘት ዕድል ከ100 አንድ ቢሆን፣ የሦስት ሰዎችን ተራ በተራ ሳይሆን ባንድ ጊዜ ማግኘት ከአንድ ሚሊዮን አንድ ይሆናል። ገማች በዚህ ይሸነፋል፤ ማስረጃ የሚያገናዝብ ግን ያልፋል።

በ2015 የወጣው የቶቢ ፎክስ «አንደርቴል» ደግሞ ከትውስታ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር ያሳየናል። በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ስሕተት ስንሠራ ወደ ተቀመጠው ፋይል ተመልሰን ያለፈውን እንሰርዛለን። በ«አንደርቴል» መጀመሪያ ላይ እንደ እናት የምትንከባከበንን ገጸ ባሕርይ ገድለን፣ ተጸጽተን፣ ጨዋታውን ወደ ኋላ መልሰን ብናድናት፣ ከዚያ በኋላ የምናገኘው ሌላ ገጸ ባሕርይ የሠራነውን እንደሚያውቅ ፊት ለፊት ይነግረናል። ፕሮግራሙ ከተጫዋቹ ፋይል ውጭ የራሱን ማስታወሻ ይይዛልና።

በፊዚክስ ውስጥም መርሳት ነጻ አይደለም። ሮልፍ ላንዳወር በ1961 እንዳመለከተው፣ አንድ ቢት መረጃ ሲደመሰስ ቢያንስ የተወሰነ ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ በተለመደው የክፍል ሙቀት ይህ ወደ 3 × 10⁻²¹ ጁል ገደማ ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ዜሮ አይደለም። «አንደርቴል» ይህንኑ ሐሳብ በሥነ ምግባር በኩል የሚናገር ይመስለናል፤ የተደረገውን እንዳልተደረገ ማድረግ ዋጋ ያስከፍላል።

ሃያ ሁለት ደቂቃ

ተማሪያችን የጠቀሰው ጨዋታ «አውተር ዋይልድስ» ይባላል። አሌክስ ቢቸም በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ ሳለ የመመረቂያ ሥራው አድርጎ ጀመረው፤ በ2019 ሙሉ ሆኖ ወጣ። ተጫዋቹ በአንድ ትንሽ የፀሐይ ሥርዓት ውስጥ የሚጓዝ ወጣት ጠፈርተኛ ነው። በየ22 ደቂቃው ፀሐይዋ በሱፐርኖቫ ትፈነዳለች፤ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ከዚያም ጠፈርተኛው ከመነሻው እንደገና ይነቃል። ከአንዱ ዙር ወደ ቀጣዩ ይዞት የሚሻገረው መሣሪያም ሀብትም የለም፤ ዕውቀት ብቻ ነው። ወደ ፍጻሜው የሚወስደው መንገድ በቁልፍ ሳይሆን ባለማወቅ የተዘጋ ነው።

የሠሪዎቹ መላ ለፊዚክስ ተማሪ ልዩ ትምህርት አለው። ኮምፒዩተር የነገሮችን ቦታ ሲመዘግብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀምበት ባለ 32 ቢት ቁጥር አስተማማኝ የሚሆነው እስከ 7 አሃዝ ገደማ ነው። ከመነሻ ነጥቡ 10 ኪሎ ሜትር የራቀን ነገር ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ጥራት፣ 100 ኪሎ ሜትር የራቀን ደግሞ ከ8 ሚሊ ሜትር ገደማ ባነሰ ጥራት መመዝገብ አይችልም። ስለዚህ ተጫዋቹ በራቀ ቁጥር ዓለሙ በዓይኑ ፊት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሠሪዎቹ መነሻ ነጥቡን ተጫዋቹ ራሱ እንዲሆን አደረጉ፤ እርሱ ባለበት ይቆማል፤ ፀሐይና ፕላኔቶች በዙሪያው ይንቀሳቀሳሉ። ይህም በጠሊሞስ ዘመን እንደነበረው ሁሉ የዓለምን መካከል ወደ ተመልካቹ የመለሰ ይመስላል። ነገር ግን ከጋሊልዮ ጀምሮ እንደምናውቀው፣ መለኪያችንን ከየት እንደምንጀምር የመምረጥ ነጻነት አለን፤ ሒሳቡን በጥንቃቄ እስከሠራን ድረስ የሚታየው ውጤት አንድ ነው።

ለተማሪው የዘገየ መልስ

በዚህ ጨዋታ ውስጥ «የኳንተም ጨረቃ» የምትባል አካል አለች፤ ዓይናችንን ከእርሷ ስናነሣ ወደ ሌላ ፕላኔት ዙሪያ ትዛወራለች። ፎቶግራፏን ይዘን እያየን ከቆየን ግን ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። የተማሪያችን ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

መልሳችን እነሆ። እንደ ኤሌክትሮን ያለ ቅንጣት ከመለካቱ በፊት አንድ የተወሰነ ቦታ ላይኖረው እንደሚችል ኳንተም ሜካኒክስ ያስተምራል። ነገር ግን «መለካት» ማለት የሰው ዓይን ማረፍ ማለት አይደለም። ቅንጣቱ ከአካባቢው ጋር ተነካክቶ ስለ ቦታው ማስረጃ ከተወ፣ የሚያየው ሰው ባይኖርም እንኳ ያ የኳንተም ጠባይ ይደበዝዛል። እውነተኛዋን ጨረቃ የፀሐይ ብርሃን፣ የጠፈር አቧራና የገዛ ራሷ ሙቀት ያለማቋረጥ «ይለኳታል»። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቢተኛም ጨረቃ ከቦታዋ አትጠፋም። ጨዋታው አንድን እውነተኛ ሐሳብ ወስዶ አግዝፎታል፤ ለተረት ይህ የተፈቀደ ነው። ከተረቱ ወደ ሐሳቡ የሚሻገር ጥያቄ ይዞ የመጣ ተማሪ ግን መልስ እንጂ ፈገግታ አይገባውም ነበር።

ለአንባብያን

የታሪክ ጨዋታን ዋጋ ለመመዘን ሁለት ጥያቄዎችን እንድትጠይቁ እንመክራለን፤ ይህ ዓለም የሚገዛው በምን ሕግ ነው? ከሠራሁትስ ምኑን ያስታውሳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ የሌለው ጨዋታ ሥዕሉ ምንም ቢያምር የፈተና ሳምንታችሁን ሊሠዉለት አይገባም።

ውድ ኮምፒዩተር የላችሁም ብላችሁም አትዘኑ። «አድቬንቸር» ዛሬም በነጻ ይገኛል፤ በአሮጌ ማሽንም ይሠራል። ከዚህም አልፎ ተመሳሳዩን በአማርኛ ለመጻፍ መሞከር ይቻላል፤ ችግሩም ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚያጓጓ ነው። በእኛ ቋንቋ ግሡ ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ «ፋኖስ» የሚለው ቃል በትእዛዙ ውስጥ «ፋኖሱን» ይሆናል፤ ትእዛዙም «አንሣ»፣ «አንሺ» ወይም «አንሡ» ሊባል ይችላል። ከእያንዳንዱ ቃል አምስት ፊደል ቆርጦ ማንበብ እዚህ ብዙም አያስኬድም። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ መንገዱ ክፍት ነው።

ይህን የሚሞክር ተማሪ ቢገኝ የቢሮአችን በር ገርበብ ብሎ አይጠብቀውም፤ ወለል ብሎ ይከፈትለታል። ያ የሦስተኛ ዓመት ተማሪያችንም ይህን ካነበበ፣ ተመልሶ ቢመጣ ደስ ይለናል።