የማንኪራ ቡናና የተፈጥሮ ምርጫ

በከፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ማንኪራ የሚባል ጫካ ይገኛል። በዚህ ጫካ ውስጥ የቡና ተክል ማንም ሳይተክለው በቅሎ፣ ማንም ሳይኮተኩተው አድጎ፣ በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ሲያፈራ ይታያል። የከፋ ሕዝብ በቋንቋው ቡናን «ቡኖ» ይለዋል። ለጎብኝዎች «የቡና እናት» ተብሎ የሚታይ አንድ ያረጀ ተክልም በዚያው አለ። ስሙ የተሰጠው ለክብር ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በሣይንስ ዓይን ሲታይ የአንድ ዝርያ እናት አንድ ተክል ሳይሆን ጫካው በሙሉ ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ የሚገባን በመጀመሪያ ተክሎቹን ቀረብ ብለን ስናይ ነው።

ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት የጫካ ቡናዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ቀረብ ሲባል ግን የአንደኛው ለጋ ቅጠል አረንጓዴ፣ የሌላው ነሐስ መሰል ሆኖ ይገኛል። አንዱ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ሲያድግ ሌላው ሰብሰብ ይላል። ከዚህም ሌላ ለዓይን የማይታዩ ልዩነቶች አሉ፤ ድርቅን መቻል፣ በሽታን መቋቋም፣ ቶሎ ወይም ዘግይቶ ማበብ የመሳሰሉት ናቸው። የእነዚህ ልዩነቶች ምንጭ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፈው ዘረ መል ላይ አልፎ አልፎ የሚደርሰው ለውጥ ነው። ንቦችም የአንዱን ተክል የአበባ ዱቄት ለሌላው ሲያደርሱ የተለያዩ ጠባዮች በአዲስ መልክ ይደባለቃሉ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ቢኖር ለውጡ የሚመጣው ተክሉ ስለ ፈለገው ወይም ስላስፈለገው አለመሆኑን ነው።

በአንድ የቡና ተክል ሥር ፍሬ ከረገፈ በኋላ ብዙ ቡቃያ ይበቅላል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አድጎ ለፍሬ የሚበቃው ግን እጅግ ጥቂቱ ነው። አንዱ በብርሃን እጦት ይቀጭጫል፤ ሌላው በበጋ ይደርቃል፤ ሦስተኛው በተባይ ይበላል። ከብዙዎቹ ጥቂቶች ብቻ የሚተርፉ ከሆነና የሚተርፉትም እርስ በርሳቸው የሚለያዩ ከሆነ፣ ለቦታው የሚስማማ ጠባይ ያላቸው በአማካይ ብዙ ዘር ይተካሉ። ጠባያቸውም በልጆቻቸው ይወረሳል። ስለዚህ ከትውልድ ወደ ትውልድ የጫካው ጠቅላላ መልክ ቀስ በቀስ ይለወጣል። የለውጡ ሂደት ዝግመተ ለውጥ፣ ለውጡን ከሚያመጡት መንገዶች ዋነኛው ደግሞ የተፈጥሮ ምርጫ ይባላል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሐሳብ ለማስረዳት የጀመረው ሰዎች እርግብ እየመረጡ ከሚያራቡበት ልማድ ነው። የእኛም ገበሬ ለዘር የሚሆነውን በቆሎ መርጦ ከምድጃ በላይ ጭስ በሚደርስበት ቦታ ሲሰቅል የሚሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በጫካ ውስጥ መራጭ አለመኖሩ ነው።

የዚህን አሠራር ግልጽ ምሳሌ ለማየት ወደ ሩቅ ዘመን መሄድ አያስፈልገንም። በምዕራብ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1922 የቡና ፍሬን የሚያበሰብስ አንድ የፈንገስ በሽታ ታየ። ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ መኖሩ ታወቀ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቡና አብቃይ ወደ ሆኑት አብዛኞቹ አካባቢዎች ተዛመተ። በሽታው ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል። በፍሬው ላይ ጥቁርና ጎድጎድ ያለ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ነጠብጣቡ ይሰፋል፤ በመጨረሻም ፍሬው ጠቁሮ ይረግፋል ወይም በቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ዝናብና ቅዝቃዜ የሚበዛበት ደጋማ ቦታ ለፈንገሱ ይመቸዋል። ዓመቱን ሙሉ የቡናውን ዋጋ ሲጠብቅ ለከረመ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም አይሰወርም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በሽታው ግንዱንም ቅጠሉንም አይገድልም፤ ተክሉ ለምለም እንደ ሆነ ይቆያል። ታዲያ ምርጫው ምኑ ላይ ነው? መልሱ የተፈጥሮ ምርጫን ምስጢር ይገልጣል። ፍሬው ሁሉ የጠቆረበት ተክል ራሱ ቢኖርም ዘር አይተካም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ትውልድ እንደ ሞተ ይቆጠራል። በተፈጥሮ ምርጫ ሚዛን የሚመዘነው ረጅም ዕድሜ ሳይሆን የሚተካው ዘር ነው።

ደግነቱ በብዙ ማሳና ጫካ አንዱ ተክል ጠቁሮ ሲራገፍ ጎረቤቱ ቀይ እሸት ተሸክሞ ተገኘ። በጅማ አጠገብ በመልኮ ከሚገኘው የምርምር ጣቢያ የተነሡ ባለሙያዎችም ወደ ገበሬው ማሳና ወደ ጫካው ወጥተው እነዚህን ጤነኛ ተክሎች መፈለግ ጀመሩ። ጤነኛ መስሎ የታየው ሁሉ ግን በእርግጥ የሚቋቋም ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት በሽታው ገና አልደረሰበት ይሆናል። ስለዚህ ፈንገሱን ሆን ብለው በፍሬውና በቡቃያው ላይ እያደረጉ ፈተኑ። ፈተናውን ካለፉት መካከል 741፣ 74110 እና 74112 የሚባሉት ይገኙበታል፤ በቁጥሮቹ መጀመሪያ ያለው 74 ተክሎቹ የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974 ያመለክታል። የእኛ ቡና በአብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት ስለሚራባ ልጆቹ እናታቸውን ይመስላሉ። ከተመረጠው ተክል ዘር ወስዶ ለገበሬው ማደል የተቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ቡናው በሽታውን ለመደና ጠነከረ» የሚል አነጋገር ይሰማል። አነጋገሩ ስሕተት ነው። አንድም ተክል አልጠነከረም። የሚቋቋሙት ተክሎች በሽታው ከመምጣቱ በፊት በጫካው ውስጥ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በሽታው እስኪመጣ ድረስ ከሌሎቹ የሚለያቸው አልነበረም። በሽታው ወንፊት ሆነ እንጂ እህሉን አልፈጠረም።

ወንፊት ውስጥ የገባው እህል ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆንስ? ይህም በታሪክ ደርሷል። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም ያመጡት የቡና ተክል በአሜሪካ ለተስፋፋው ቡና ትልቁ ምንጭ ሆኗል። በሌሎችም አገሮች እርሻው የተመሠረተው ከየመን በወጡ ጥቂት ተክሎች ዘር ላይ ነበር። የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሎን በተባለችው በዛሬዋ ስሪ ላንካ ሲገባ፣ ተክሉ ሁሉ ተመሳሳይ ስለ ነበረ የሚመረጥ አልተገኘም። በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የቡናው እርሻ ፈርሶ ቦታውን ሻይ ወሰደው።

የከፋ ጫካ ሀብት እንግዲህ ፍሬው ብቻ ሳይሆን ልዩነቱ ጭምር ነው። ዩኔስኮ የከፋን ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ነገር ግን ጫካ የሚጎዳው በመጥረቢያ ብቻ አይደለም። የተመረጡት ዝርያዎች ጥሩ ስለ ሆኑ፣ አንዳንድ ቦታ የጫካው ቡና እየተነቀለ የእነርሱ ችግኝ ይተከላል። ገበሬውን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በዘንድሮው ምርት ነው። ሆኖም ፈንገሱም እንደ ቡናው ሕይወት ያለው፣ የሚለያይና የሚመረጥ ነገር ነው። የዛሬውን ዝርያ ማሸነፍ የሚችል ዓይነት አንድ ቀን ቢነሣ፣ ባለሙያዎቹ እንደ ገና ጤነኛ ተክል ፍለጋ የሚወጡት እንደ ማንኪራ ወዳለ ጫካ ነው።