የትንሿ መኪና አቅም፦ ወሬውና እውነታው

ስለ ትንንሽ መኪኖች የሚወራው አብዛኛው ነገር ነድቶ ከማወቅ ሳይሆን ከመስማት የመጣ ነው። ሱዙኪ ጂምኒ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ላዳ ኒቫ በ1977፣ ባለ ሁለት ዲፍረንሻሏ ፊያት ፓንዳ ደግሞ በ1983 ገበያ ላይ ውለዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በረዶውንም፣ በረሃውንም፣ ተራራውንም ሞክረውታል። ያም ሆኖ ከዓመታት በፊት በተግባር የተመለሰው ጥያቄ ዛሬም እንደ አዲስ ይነሳል።

«ገጠር ለመሄድ ትልቅ መኪና ያስፈልጋል።»

ለብዙ ሰውና ለብዙ ጭነት ያስፈልጋል። ለመንገዱ ግን አያስፈልግም። መኪናን ጭቃና ድንጋይ የሚያሻግረው ክብደቱ፣ ሆዱ ከመሬት ያለው ርቀት፣ የአፍንጫውና የጅራቱ ማጠር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝቅተኛ ማርሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣችው አራተኛዋ ጂምኒ ክብደቷ ከ1,100 ኪሎ ግራም እምብዛም አይርቅም። ላንድክሩዘር ባዶውን ከ2,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከባዱ መኪና በሰፊ ጎማ ከልዩነቱ የተወሰነውን ያካክሳል፤ ሁሉንም ግን አያካክስም። መሬቱ የራሰ እንደሆነ እሱ በሚሰምጥበት ቦታ ቀላሏ ላዩን ታልፋለች። ብትያዝ እንኳ ጥቂት ሰዎች ገፍተው ያወጧታል።

ቅርጿም ያግዛታል። ሆዷ ከመሬት 210 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ከፊት እስከ 37፣ ከኋላ እስከ 49 ዲግሪ የሚደርስ ዳገትና ቁልቁለት መከላከያዋ ሳይነካ ትገባለች፣ ትወጣለችም። ብዙ ረጃጅም የቤተሰብ መኪኖች ግን ከኋላ በ25 ዲግሪ አካባቢ ጅራታቸው መሬት ይመታል። ስፋቷ 1.65 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ በሁለት ቋጥኝ መካከል ወይም በገደል አፋፍ በሚያልፍ ጠባብ መንገድ ላይ ሾፌሩ የሚተርፈው ቦታ አለ።

ስህተቱ ሥር የሰደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ላንድክሩዘር የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም፣ የእርዳታ ድርጅቱም፣ የአስጎብኚውም መኪና ሆኖ ኖሯል። ሰው ሁልጊዜ የሚያየው አስቸጋሪ ቦታ ላይ ስለሆነ ያሻገረው ግዝፈቱ ይመስለዋል። የተመረጠው ግን አሥር ሰው ወይም መድኃኒትና ትርፍ ነዳጅ ጭኖ ስለሚሄድና መለዋወጫው ስለሚገኝ ነው። በዚህ በኩል ጂምኒ አትወዳደረውም። የኋላ ወንበሯ ካልታጠፈ ለዕቃ የሚተርፋት ቦታ 85 ሊትር ብቻ ነው። ትንሿን መኪና የሚወድ ሰው ይህን መደበቅ የለበትም፤ ጉድለቷ የጭነት እንጂ የመንገድ አይደለም።

«ትንሽ ሞተር ዳገት አይችልም።»

ይህን የሚሉ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት። አራት ሰው ጭና እንጦጦ ዳገት ላይ የምታቃስት የከተማ መኪና ማየት እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ለዚያች መኪና የጎደላት ሲሲ ሳይሆን ሾፌሮች ሪዶታ የሚሉት ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽ ነው። የጂምኒ ሞተር 1.5 ሊትር፣ ጉልበቱም 102 ፈረስ ብቻ ነው። ሪዶታው ሲገባ ግን ጎማው የሚደርሰው የማዞር ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቀጥ ባለ ድንጋያማ ዳገት ላይ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ሞተሩ ሳይታፈን፣ ፍሪሲዮን ሳይቃጠል መውጣት።

ከፍታው ሌላው ማስፈራሪያ ነው። እርግጥ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ በባሕር ጠለል ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስስ ነውና። በመቶኛ ሲሰላ ግን ቅናሹ ለትንሹም ለትልቁም ያው ነው፤ ቱርቦ የሌለው የላንድክሩዘር ናፍታ ሞተርም አያመልጠውም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የበዙትን ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ጉዳይ ጨርሶ አይመለከታቸውም።

ማስረጃ ለሚሻ ደግሞ የቺሊው ኦሆስ ዴል ሳላዶ ተራራ አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 ሁለት ቺሊያውያን ለከፍታው የተዘጋጀች ሱዙኪ ሳሙራይ፣ የጂምኒን ታላቅ እህት፣ ይዘው 6,688 ሜትር ላይ ደረሱ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በጂፕ የተያዘውን የዓለም ክብረ ወሰን ነው የሰበሩት። ያ ከራስ ዳሸን ጫፍ ከ2,000 ሜትር በላይ ይበልጣል።

«ራሱን የቻለ ሻሲ የሌለው መኪና ለጭቃ አይሆንም።»

ኒቫ ይህን አባባል ከጅምሩ ውድቅ አድርጋዋለች። አዲስ አበባን በታክሲነት ከሞሉት ላዳዎች ጋር የአንድ ፋብሪካ ልጅ ናት፤ አካሏና ሻሲዋ አንድ ወጥ ሲሆን የፊት እግሯም በሞላ ላይ የቆመ ነው። አራቱም ጎማዎቿ ሁልጊዜ ይገፋሉ፤ ሪዶታም፣ የመካከለኛ ዲፍረንሻል መቆለፊያም አላት። ለእሽቅድምድም የተዘጋጁ ኒቫዎች እ.ኤ.አ. በ1982ና በ1983 በፓሪስ–ዳካር ውድድር ሁለተኛ ወጥተዋል። የተለየ ሻሲ ለከባድ ጭነትና ለረጅም ዘመን ድብደባ ይበጃል፤ መንገድ ማለፍና አለማለፍን የሚወስነው ግን እሱ አይደለም።

«ባለ ሁለት ዲፍረንሻል ከሆነ አይንሸራተትም።»

ከእምነቶቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። አራት ጎማ መግፋቱ ለመነሳትና ለመውጣት ይረዳል፤ ለመቆም አይረዳም። ፍሬን ሲያዝ ማንኛውም መኪና የሚተማመነው በጎማው ጥርስ ላይ ነው። በረገበ ጭቃ በቀላሉ የወጣ ሾፌር ቁልቁለቱም እንደዚያው ይመስለውና ፍጥነት ይጨምራል። ያለቀ ጎማ የገጠመ ባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪና ቁልቁለት ላይ ደህና ጎማ ካላት ተራ መኪና የባሰ ነው።

«ትንሽ መኪና ቆርቆሮ ናት።»

እዚህ ላይ ከእውነቱ የተወሰነ ክፍል አለበት። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲጋጩ ቀላሉ የበለጠ ይመታል፤ ይህን የትኛውም ፋብሪካ አይሽረውም። የሚሳሳተው መጠንን ብቸኛ መለኪያ የሚያደርገው ሰው ነው። ከግጭት በኋላ አፍንጫው የተጨማደደ መኪና ሲታይ «ቆርቆሮ» ይባላል፤ ሳይበላሽ የቆመው አሮጌ መኪና ይደነቃል። መጨማደዱ ግን ታስቦበት የተሠራ ነው፤ የአፍንጫው ብረት ያልዋጠውን ምት የተሳፋሪው ደረት ይቀበለዋል። ፊያት 500 ከ3.6 ሜትር የማትበልጥ ሆና እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓው የግጭት ፍተሻ ዩሮ ኤንካፕ አምስት ኮከብ አግኝታለች። ጂምኒ በ2018 ሦስት ብቻ ነው ያገኘችው። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ የለያቸው አሠራራቸውና የተፈተኑበት ዘመን መስፈርት ነው። ኮከቡ ተመጣጣኝ ክብደት ባላቸው መኪኖች መካከል ብቻ እንደሚያወዳድርም መታወቅ አለበት። በሌላ በኩል ከፍ ብሎ የቆመ ትልቅ መኪና በኩርባ ላይ የመገልበጥ አደጋው ከፍተኛ ነው። ኤርባግና የመንሸራተት መቆጣጠሪያ የሌለውን ያረጀ ግዙፍ መኪና «ጠንካራ» ብሎ ለቤተሰብ መግዛት የዚህ ወሬ ውጤት ነው።

«ትንሽ ከሆነች ነዳጅ አትበላም።»

ዲዛየርንና ቪትዝን ለለመደ ሰው ይህ ትክክል ይመስላል። ሁለቱም ዝቅ ያሉ፣ ነፋስ የሚያሳልፉና ሁለት ጎማ ብቻ የሚገፉ ናቸው። ጂምኒ ግን እንደ ሳጥን ቀጥ ያለች ናት፤ ሁለት ዲፍረንሻልና የራሷ ሻሲ አላት። በአውራ ጎዳና ስትሮጥ ከነፋስ ጋር ትታገላለች። የጭስ ልቀቷ ለመጠኗ ከፍ ያለ በመሆኑ ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2020 አካባቢ ከአውሮፓ የቤት መኪና ገበያ አውጥቷት ነበር። በኋላ የተመለሰችው ሕጉ በሌላ መዝገብ በሚያያት ባለ ሁለት ወንበር የሥራ መኪና መልክ ነው። ጠዋት ከሰሚት ቦሌ፣ ማታ ከቦሌ ሰሚት ብቻ ለሚመላለስ ሰው ዲዛየሯ በቂ ናት፤ ክረምት ሲገባ አስፋልቱን ለቆ ለሚወጣ ሰው ግን ጂምኒ የምትበላው ነዳጅ የሪዶታዋ ዋጋ ነው።